ከመመረቃችሁ በፊት አንድ ገጽ ያዙ፦ ለሕዝብ ግንኙነት ተማሪዎች

የሕዝብ ግንኙነት የሚያጠኑ ልጆች ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙልኛል። «ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ጎበዝ ለመሆን ምን ልማር?» ይላሉ። የቪዲዮ ቅንብር ወይም ተከታይ የማብዛት ዘዴ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። የእኔ መልስ ግን ሌላ ነው። የሌላ ሰው የሆነ አንድ ትንሽ ገጽ ያዙና ለሦስት ወር ሥሩበት።

የራሳችሁ ገጽ አይሆንም። በራሳችሁ ገጽ ላይ ብትሳሳቱ ብዙም የሚጎዳ የለም። የተቋም ገጽ ግን ሌላ ነገር ነው። እናንተ የጻፋችሁትን አንብቦ ሰው ከቤቱ ይወጣል፣ ታክሲ ይሳፈራል፣ ከሥራው ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ክብደት ገና ተማሪ ሳላችሁ ካልለመዳችሁት፣ በኋላ የምትማሩት በሰው ኪሳራ ነው። እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ታሪኩን ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ገጹን መምረጥ

የግቢያችሁ የበጎ አድራጎት ክበብ፣ የሰፈራችሁ ዕድር፣ የወጣት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት፣ የአክስታችሁ ልብስ ስፌት ቤት፣ ሁሉም ይሆናል። ትልቅ ስም አትፈልጉ። ዋናው ነገር እውነተኛ ሰው እውነተኛ ጥያቄ ይዞ የሚመጣበት ቦታ መሆኑ ነው። ኃላፊውን አነጋግሩና ሦስት ነገር በጽሑፍ ተስማሙ፦ ምን መለጠፍ እንደምትችሉ፣ ከመለጠፉ በፊት ማን እንደሚያየው፣ ሦስት ወሩ ሲያልቅ ገጹን ለማን እንደምታስረክቡ።

መድረክ አንድ ብቻ ይበቃችኋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ትንሽ ተቋም እኔ የቴሌግራም ቻናልን እመርጣለሁ። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆንም ጽሑፉ ይከፈታል። ፎርም፣ ፒዲኤፍ፣ ድምፅ ሁሉንም ይቀበላል። ስንት ሰው እንዳየው ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ይታያል። መልእክቱም ለተከታዩ ሁሉ በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ይደርሳል። ፌስቡክ ግን ለማን ምን እንደሚያሳይ ራሱ ይመርጣል። ቲክቶክ ተቋሙን ለማስተዋወቅ ጥሩ ነው፤ ቀን ላለው ማስታወቂያ ግን አልወደውም። ባለፈው ሳምንት የተዘጋ ምዝገባ ዛሬ ሰው ፊት ይመጣል።

አንድ መድረክ ብቻ ስትይዙ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ለወራት ተገድበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ የስልክ ቁጥር ዝርዝርንና የግድግዳ ማስታወቂያን አትናቁ። አጭር የስልክ መልእክት በግዕዝ ፊደል ስትጽፉ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው። በላቲን ፊደል 160 ነበር። በ70 ፊደል መጻፍ መለማመድ በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለት ሳምንት ምንም አትለጥፉ

ይህን ስል ልጆች ይከፋቸዋል። ግን እመኑኝ። በነዚህ ሁለት ሳምንታት ደብተር ይዛችሁ ከጥበቃውና ከጸሐፊዋ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ተቋሙ ደርሶ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ጥያቄዎቹን ሰውየው በተናገረበት ቃል ጻፉ። «መጽሐፍ ለስንት ቀን ታውሳላችሁ?» ብሎ የጠየቀን ሰው «የውሰት አገልግሎት የጊዜ ገደብን በተመለከተ» ብላችሁ አትጻፉት። በኋላ ሰው ቻናሉ ውስጥ ሲፈልግ የሚጽፈው ራሱ የሚያውቀውን ቃል ነው።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ በጣም የተደጋገሙትን አሥር ጥያቄዎች ምረጡ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጽሑፎቻችሁ እነሱ ናቸው። «ምን ልለጥፍ?» የሚለው ጭንቀት እዚህ ላይ ያበቃል።

አጻጻፍ

ብዙ የተቋም ገጾች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። «ሥራ አመራሩ የግማሽ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸሙን ገመገመ» ይላል። ሥሩ ዘጠኝ ፎቶ አለ፤ ሁሉም ላይ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው የታሸገ ውሃ አለ። ይህን የሚያነበው ፎቶው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ወሬ እንድትለጥፉ ስትታዘዙ አትከራከሩ። ስብሰባው ውስጥ ግቡና አንድ ነገር ፈልጉ፦ ከዚህ ውሳኔ የተነሣ ነገ የማን ኑሮ ይቀየራል?

ቤተ መጻሕፍቱ ከሰኞ ጀምሮ አምሽቶ እንዲዘጋ ተወስኗል እንበል። እንግዲያው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ከሰኞ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው» የሚለው ነው። ውሳኔው በየትኛው ስብሰባ እንደተላለፈ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ አንድ ፎቶም ይበቃዋል። ኃላፊውም ስሙ አልቀረም፣ አንባቢውም የፈለገውን አገኘ። ስልክ ላይ ማሳወቂያ ሲመጣ የሚታየው መጀመሪያው መስመር ወይም ሁለቱ ነው። ሰውዬው ሳይከፍተው የሚጠቅመው ነገር እዚያ ውስጥ ይኑር።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። ዓይነ ስውር የሆነ ተከታያችሁ ስልኩ እንዲያነብለት ቢፈልግ አይነበብለትም። ሰው ማኅተሙን ማየት ስለሚወድ ደብዳቤውን ለጥፉ፤ ፍሬ ነገሩን ግን አጠገቡ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል። መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ውስጥ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ብዙ አለ። ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። ለመጠገን አትድከሙ፤ እንደገና ጻፉት። ኮምፒውተር ላይ ኪማን የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ በነፃ መጫን ይቻላል፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው። ለፖስተር ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ነፃ ናቸው፣ ጥርትም ብለው ይነበባሉ። ያጌጠ ፎንት ለሠርግ ካርድ ይሁን።

የቦታ ልክም ዕወቁ። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ በነፃው አካውንት እስከ 1,024 ፊደል ነው። ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ 280 ይባላል፤ የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር የምታገኙት 140 ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ የጻፉትን መጨረሻ ላይ መቁረጥ የግድ ይሆናል፤ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ቀኑና ሰዓቱ ነው።

ቀንና ሰዓት

ታሪኩ እዚህ ላይ ነው። ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሙኒኬሽን ክፍል ውስጥ ገጹን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ለሥልጠና የተመረጡ ሰዎች ዋናውን የትምህርት ማስረጃ የሚያቀርቡበት የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ከአጋር ድርጅት የመጣልን ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ነበር። ሰዓቱም 11፡00 ይላል። ጠዋት ማለቱ ነው፣ በእኛ 5 ሰዓት። እኔ ሌላውን ሁሉ ተረጎምኩና ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጥኩት። «እስከ 11፡00 ድረስ» ብዬ ለጠፍኩ። ያነበበው ሁሉ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው ብሎ ተረዳ። ሌላ ምን ሊረዳ ይችላል?

ከሰዓት በኋላ ወደ 9 ሰዓት ገደማ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ የመጣች ነበረች። ዶክመንቷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። መዝገቡ ተዘግቶ ዝርዝሩ ተልኳል። ስልኳን አውጥታ የእኔን ጽሑፍ አሳየችን።

ከዚያ ያደረግሁት ከስህተቱ የባሰ ነው። ደነገጥኩና ጽሑፉን አጠፋሁት። ሥሩ የነበሩት ኮመንቶችም አብረው ጠፉ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ስክሪንሾቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በየግሩፑ ተዳረሰ። አሁን ወሬው ስለ ሰዓት መሆኑ ቀረ። «ለራሳቸው ሰው ቦታ ሊያስቀሩ ነው፣ ለዚያ ነው ያጠፉት» የሚል ሆነ። የአንድ ቁጥር ስህተት እኔ ስላጠፋሁት ብቻ የሙስና ክስ ሆነ። ኃላፊዬ አጋሩን ለምኖ ቀኑ ተራዘመ። ያቺ ልጅ ግን ደግማ መምጣት ነበረባት። ሁለተኛውን ትራንስፖርትም ከኪሷ ነው የከፈለችው። እስከዛሬ ሰዓት ስጽፍ ፊቷ ይመጣብኛል።

ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይጻፍ። «ከጠዋቱ»፣ «ከሰዓት በኋላ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» ከሚሉት አንዱ ሁልጊዜ አብሮት ይኑር። ዕለቱንም ጨምሩ፦ «ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት»። ዕለቱ እንደ ቁልፍ ያገለግላል። ቀኑን ብትሳሳቱ ከዕለቱ ጋር ስለማይገጥም አንድ ሰው ያያችኋል። የውጭ አጋር ወይም ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያለ ተከታይ ካላችሁ የአውሮፓውያኑን ቀንና የዚያን አገር ሰዓት በሌላ መስመር ጻፉ፤ በአንድ መስመር አታደባልቁት።

አስቀድሞ ጊዜ ይዞ የሚለጥፍ መሣሪያ ስትጠቀሙም ተጠንቀቁ። መሣሪያው የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲወጣ ከፈለጋችሁ 9፡00 ብላችሁ ሙሉ። ጠዋት ብላችሁ 3፡00 ከሞላችሁ ማስታወቂያችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሰው ስልክ ያንጫጫል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ጉዳዩን ለማያውቅ አንድ ሰው አንብቡለት። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ ሁሉም ሰው ገባኝ ይላል። «መቼ ትመጣለህ? ምን ይዘህ?» በሉት። መልሱ ከተሳሳተ ጽሑፉ ተሳስቷል።

ስህተትን ማረም

ምንም ብትጠነቀቁ አንድ ቀን ትሳሳታላችሁ። የሙያው ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሳትሳሳቱ በፊት ተለማመዱት።

የተሳሳተውን ጽሑፍ አታጥፉ። አናቱ ላይ «ማረሚያ» ብላችሁ ትክክለኛውን ጻፉና ያረማችሁበትን ሰዓት አስቀምጡ። የድሮውም እንዳለ ይታይ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። አይበቃም። ቴሌግራም ላይ የተስተካከለ መልእክት አዲስ ማሳወቂያ አይልክም። የመጀመሪያውን አንብቦ ስልኩን ኪሱ የከተተ ሰው መታረሙን አያውቅም። ስለዚህ ማረሚያውን እንደ አዲስ መልእክትም ላኩት። ከዚያ ቀደም ብሎ ኮመንት ለጻፈ ለእያንዳንዱ ሰው መልስ ስጡ። ጥበቃውና ጸሐፊዋ ዘንድም ሂዱና ንገሯቸው፤ በር ላይ የሚቆጡት በእነሱ ላይ ነው።

የማረሚያው ቋንቋ ራሱ ከባድ ነው። በየቦታው የምናየው «ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር አልወደውም። ስህተቱ በራሱ የተፈጠረ ያስመስላል። ያን ቀን እኔ መጻፍ የነበረብኝ እንዲህ ነበር፦

«ማረሚያ፦ በትናንቱ ማስታወቂያችን የማስረጃ ማቅረቢያውን ሰዓት 11፡00 ብለን የጻፍነው ተሳስተን ነው። ትክክለኛው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን። በዚህ ምክንያት ጊዜው ያለፈባችሁ አመልካቾች እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ድረስ እንቀበላችኋለን። ከክፍለ ሀገር የመጣችሁ ዛሬውኑ በሩ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ።»

ምን እንደተሳሳተ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደተሳሳተ፣ የተጎዳው ሰው አሁን ምን ያድርግ። አራቱም አሉ። የመጨረሻውን ለመጻፍ ግን መጀመሪያ ኃላፊው መፍቀድ አለበት። ስለዚህ ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ኃላፊው ቢሮ ሩጡ። መፍትሔ የሌለው ይቅርታ ሰውን የበለጠ ያናድዳል።

ኮመንት

የሚጠፋው ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉና ገጹ አናት ላይ ስቀሉት። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚሳደብ፣ የሰው ስልክ ቁጥር የሚያወጣ፣ አጭበርባሪ ሊንክ፤ እነዚህ ይጠፋሉ። ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾት አስቀሩ። ሌላው ሁሉ ይቆያል፣ ወቀሳም ጭምር።

የተናደደ ሰው ኮመንት ውስጥ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ አለ። «ሌቦች፣ ሦስት ወር አመላለሳችሁኝ» ካለ፣ ጥያቄው «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ነው። ለስድቡ መልስ አትስጡ። «ሦስት ወር መመላለስ ያደክማል። የማመልከቻ ቁጥርዎን በውስጥ መስመር ይላኩልን፤ ዛሬ የት እንደደረሰ አይተን እንነግርዎታለን» በሉ። ከዚያ ተነሥታችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። የዚህ ሥራ ግማሹ የሚሠራው በእግር ነው። «እንነግርዎታለን» ብሎ መቅረት ከዝምታ የከፋ ነው።

በውስጥ መስመር የሚወሰደው የግል መረጃ ሲሆን ብቻ ነው። መልሱ ለሌሎችም የሚጠቅም ከሆነ እዚያው ሰው ፊት መልሱ። አሥር ሰው በየግሉ ከሚጠይቅ አንዱ ጠይቆ አሥሩ ያንብብ። የፕሮፋይል ስምና ፎቶ ስለ ዕድሜም ሆነ ስለ ጾታ አያሳውቅም፤ ሁሉንም «እርስዎ» በሉ።

ድንገተኛ ቀን

መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከደቂቃዎች በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አየር መንገዱ ያን ቀን መግለጫዎቹን ቁጥር እየሰጠ ነበር ያወጣቸው። የመጀመሪያው የበረራውን ቁጥር፣ የተነሣበትን ሰዓት፣ ግንኙነት የተቋረጠበትን ሰዓትና ተሳፍረዋል ተብሎ የሚታመነውን የሰው ብዛት ተናገረ። በሕይወት ስለተረፉና ስለሞቱ ሰዎች ግን የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው በግልጽ አስቀመጠ። በዚያው ዕለት የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም በአደጋው ቦታ ፍርስራሹ መካከል ቆመው የሚታዩበት ፎቶ በአየር መንገዱ ገጽ ወጣ። ያ ፎቶ ለማሳመር የተነሣ አልነበረም። የተቋሙ የበላይ እዚያው ቦታ መድረሱን ግን ያለ ቃል ነገረ።

እናንተም ለትንሹ ተቋማችሁ «መግለጫ ቁጥር 1»ን በሰላም ቀን ጻፉ። ቤተ መጻሕፍቱ ቢቃጠል ምን ትላላችሁ? ያረጋገጥነው፣ ገና ያላረጋገጥነው፣ እያደረግን ያለነው፣ ቀጣዩን መረጃ የምንሰጥበት ሰዓት። ባዶ ቦታዎቹን ትታችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡት። በዚያ ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከባዶ ወረቀት መጀመር አይቻልም።

ሕጉንም አንብቡ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለተፈጸመ ጥፋት ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። «ሼር ነው ያደረግሁት» ብላችሁ አትዘናጉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። የተመረጡ አመልካቾችን ዝርዝር ከነስልካቸው መለጠፍ በየገጹ የተለመደ ነው። አታድርጉት። የማመልከቻ ቁጥር ይበቃል።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የላይክ ብዛት ይዛችሁ አትሂዱ። የጥያቄ ደብተራችሁን፣ የስብሰባ ወሬውን ከነተስተካከለው ጽሑፍ፣ አንድ የተናደደ ሰው ኮመንትና የመለሳችሁለትን፣ ከተሳሳታችሁም ማረሚያችሁን አትማችሁ ያዙ። እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የማነበው ማረሚያውን ነው።

ገጹንም በሥርዓት አስረክቡ። ባለቤቱ የለቀቀበት፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋ ስንት የተቋም ገጽ አለ! ቴሌግራም ላይ የቻናል ባለቤትነት ለሌላ ሰው ለማዛወር ሁለተኛው የይለፍ ቃል (ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለው) በባለቤቱ አካውንት ላይ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ የተከፈተ መሆን አለበት። ስለዚህ የመጨረሻው ዕለት ላይ አትጀምሩት። ከሳምንት በላይ ሲቀረው ክፈቱት፣ ተረካቢውን አድሚን አድርጉት፣ ሰባቱ ቀን ካለፈ በኋላ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አዛውሩለት። ስልኩ ላይ ቻናሉን ከፍቶ የመጀመሪያውን መልእክት ራሱ ሲለጥፍ እዩና ውጡ።